ሳላውቅ ያልኩህ አውፍ

ውድ አባ፣

በአራት ሰው ትከሻ ከግቢያችን ከወጣህ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀንህ ነው። አክስቴ ሸምሲያ እስከ አርባ ቆጥራ ተወች። እኔ ማቆም አልሆነልኝም።

ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ። ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ሲጠራህ አንድ ሳምንት ሄደህ፣ «ጭንቅላቴ ሞልቷል፤ ፊደል የማስቀምጥበት ባዶ ቦታ የለኝም» ብለህ ቀረህ። ያንን ደብተርህን ወስጄ የተማርኩበት እኔ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፍልህ ከኋላ በተረፉት ገጾች ላይ ነው። ማንበብ ብትችል ኖሮ አልጽፍልህም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «እሺ አባ» ከማለት በቀር ምን ብዬህ አውቃለሁ? አሁን ግን የምልህ አንድ ነገር አለኝ። ለሰው ብነግረው ሰው ያስታርቀናል፤ እኔ ደግሞ ገና መታረቅ አልፈልግም።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ቃል ነው። የሞትክ ዕለት ከሴቶቹ ጋር ሆኜ አውፍ ብዬሃለሁ፤ የበደለኝ ነገር ካለ ይቅር ብዬዋለሁ ብያለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ምን እንደበደልከኝ አወቅሁ። ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ቃል ልተወው ወይስ ልመልሰው እያልኩ ነው የከረምኩት።

ከዚያ በፊት የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናህ በረንዳው ላይ እንደነበረች ናት። አክስቴ ከጅሬን ጓዟን ይዛ መጥታ ከእኔ ጋር ገብታለች፤ በመጣች ማግስት መኪናዋን በነጭ አቡጀዲ ሸፈነቻት። ከበር ላይ ሳያት የተከፈነች ልጅ ትመስለኛለች፤ ስለዚህ አክስቴ ለስኳር ወረፋ ወደ ኅብረት ሱቅ ስትወጣ እገልጣታለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጥተው ቤቱን በአክስቴ ስም አዙረው ጻፉት። «የሟች ሙያ?» ብለው ሲጠይቁ አክስቴ «ልብስ ሰፊ» አለች። እሳቸውም የለበሱትን ካኪ ቁልቁል አይተው «ይኸንንም እሱ ነው የሰፋው» አሉና ጻፉት።

ጀምረህ ያልጨረስካቸው ልብሶች ሰባት ነበሩ። ባለቤቶቹ እየመጡ ይወስዳሉ። ሜትር እንደማትወድ፣ የሰውን ልክ በክር እየለካህ ለትከሻ አንድ፣ ለደረት ሁለት፣ ለቁመት ሦስት ቋጠሮ እያሰርክ ክሩን ግድግዳው ላይ በሚስማር እንደምትሰቅል ሁሉም ያውቃል። የትኛው ክር የማን እንደሆነ የማውቀው ግን ከአንተ ቀጥሎ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ መጡና «ኮቴስ?» አሉኝ። እኔ ቀድሜ ያወቅሁት በቅሏቸውን ነው፤ ውጭ ቆማ ታስላለች። ወዲያው ቡናማ ቁራጭ ጨርቅ የታሰረበትን ክር አወረድኩ። ኮቱ እጅጌ አልነበረውም። ሽማግሌው ደረታቸው ላይ ለክተው፣ «እንግዲህ ይኸንን ለብሼ ነው አኼራ ላይ አባትሽን የምከሰው» አሉ። ሊያስቁኝ ነው። እኔም ሳቅሁ። ሲሄዱ ግን፣ ወረፋ ይጠብቁ፣ ከፊታቸው እኔ አለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሌላው አዲስ ነገር አክስቴና የአጥር ጎረቤታችን እማማ ብርቄ መኮራረፋቸው ነው። በአንድ አጥር ላይ ቆመው በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። «ለዚያች ሴትዮ ዶሮሽን ሰብስቢ በያት» ትላለች አክስቴ። «ለዚያች ሴትዮ ዶሮዬ ብትጭርም እንደ አንዳንድ ሰው ነገር አትቀብርም በያት» ትላለች እማማ ብርቄ። እኔ መሃል ቆሜ ልብስ አሰጣለሁ። የተጣሉት በአንተ ጦስ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ትንሽ ሳለሁ እግርህ ሥር ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል አንድ ነገር አስተማርከኝ። «ነገርን ብቻውን አታስቀምጪው፤ ብቻውን የተቀመጠ ይጠፋል። ጎረቤት ስጪው» አልከኝ። የሰውየውን ልክ ከልብሱ ቀለም ጋር ታስጠጋዋለህ፣ ቀለሙን ከድምፁ ጋር፣ ድምፁን ይዞት ከመጣው ሽታ ጋር። ከዚያ አንዱን ስትጠራው ሌሎቹ ተከትለውት ይመጣሉ። ፊደል ስማርም እንዲሁ አደረግሁ። «መ»ን ከመቀስህ እጀታ ጋር አቆራኘሁት፣ «ጠ»ን ከባለ ሦስት እግሩ በርጩማህ ጋር። አንድም ቀን አልተምታቱብኝም።

አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ሳቋርጥ የመጨረሻ የሰማሁት የሳይንስ ትምህርት ስለ አንጎል ነበር። አስተማሪው ሲያስረዱን፣ ዓይን ያየው አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ጆሮ የሰማው ሌላ ቦታ፣ አፍንጫ ያሸተተው ደግሞ ሌላ ቦታ፤ አንጎል እነዚህን አያይዞ ነው አንድ ትዝታ የሚያደርጋቸው አሉ። አባቴ ይኸንን ሳይማር ያውቀዋል ብዬ በልቤ ኮራሁ። እጄን አውጥቼ መጠየቅ አፍሬ የተውኩት ጥያቄም ነበረኝ፦ ሲያያይዘው ቢሳሳትስ? አንጎል መሳሳቱን ያውቃል ወይ? አሁን ማንንም ሳልጠይቅ መልሱን አግኝቼዋለሁ። አያውቅም።

ስለ እናቴ የነበረኝ ትዝታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀብሯ። አራት ዓመቴ ነው። ሰው ጀርባ ላይ ታዝያለሁ። የሴትዮዋ ነጠላ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ የቆየ ልብስ ይሸታል። ቢጫ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ከሰው ራስ በላይ ይወዛወዛል። ትንንሽ ቃጭሎች ይንሿሿሉ። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። እኔ አፈር ጨብጫለሁ፤ አፈሩ እርጥብ ነው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ነን። አንተ ተንበርክከህ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትከፍትና በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበኛለህ። «ማንን ነው የቀበሩት?» እልሃለሁ። «እናትሽን» ትለኛለህ።

ያደግሁት ይህን ይዤ ነው። ቀይ ጃንጥላ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። እማማ ብርቄ ለበዓል ሳጥኗን ስትከፍት ሮጬ ሄጄ ነጠላሽን ላጣጥፍልሽ እላታለሁ፤ ሳጣጥፍ አፍንጫዬን ጨርቁ ውስጥ ቀብሬ እናቴን አሸታታለሁ። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም፤ የሞተ ሰው ስም በሰው ፊት ሲነሳ ዕረፍት ያጣል ብለኸኝ ነበር። አንድ ጊዜ መቃብሯን አሳየኝ ስልህ «ሴት መቃብር አትሄድም» አልከኝ። «ያኔ ሄጄ የለ?» ስልህ «ትንሽ ስለነበርሽ ነው» አልክና አጎንብሰህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርክ። መርፌው ክር ነበረው። አይቼዋለሁ፣ ግን ምንም ጎረቤት አልሰጠሁትም፤ ስለዚህ እስካሁን ድረስ ጠፍቶብኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ረቡዕ ልመለስ። ሳልህ ሲያቆም እኔ የተሻለህ መስሎኝ ሻይ ልጥድ ወጣሁ። ስመለስ አክስቴ ዓይንህን ከድና «ኢና ሊላሂ» እያለች ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። አጠቡህ፣ ከፈኑህ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ልትቀበር ተወሰነ። ቤቱ በሴት ሞላ። አንድ ሼህ ሴቶቹ ያለንበት ክፍል በር ላይ መጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «ወንዶቹ አውፍ ብለውታል። እናንተንም በክፉ ተናግሯችሁ፣ በድሏችሁ እንደሆነ አውፍ በሉት፤ መንገዱ ይቅለለው» አሉ። አክስቴ እያለቀሰች አውፍ አለችህ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሰው ሲያየኝ ድምፄ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። አልኩ፣ ግን ከንፈሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። አንዲት አሮጊት ጉልበቴን ነካ አድርገው፣ «ድምፅሽን አሰሚ እንጂ፤ አባትሽ አይደል?» አሉኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሃል ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «አውፍ ብዬዋለሁ።» ሲወጣ ቀላል ነበር፤ የምተውልህ በደል ያለ አልመሰለኝም። በልጅነቴ አንድ ጊዜ በመቀስ ጫማ ስለቆረጥኩ የቆነጠጥከኝን ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ ጀናዛው በወንዶቹ ትከሻ ተነሳ። እግሬ ራሱ ተከተለህ። በሩ ላይ ስደርስ አክስቴ ቀሚሴን ከኋላ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው? ሴት ቀብር አትሄድም፤ አታውቂም?»

«ለእናቴ ሄጄ የለ?» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእናቴ። እማማ ብርቄ አዝላኝ። ቀይ ጃንጥላ የያዙት ጊዜ።»

እማማ ብርቄ ከበሩ አጠገብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ነበር። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በስመ አብ! የኔ ልጅ፣ ያ የኔ ባል ቀብር ነው እኮ! ሰው ቤት ስላልነበረ ነው አዝዬሽ የሄድኩት። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በእስላም ቀብር የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ የሚዘረጋው?»

«እናቴስ?» አልኩ።

«እናትሽማ ሰርቦ ነው ያለችው። ለፋሲካ ዶሮ ልገዛ ሄጄ አግኝቻታለሁ፤ ቅቤ ትሸጣለች። ምን ሆናለች?»

«ብርቄ! ምነው አፍሽን ብትይዢው!» አለች አክስቴ።

«ምን አልኩ? ልጅቷ አታውቅም?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት ሲያዩ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም እንደሚያውቅ ገባኝ። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እናቴ ዝም የሚሉኝ የተፈታች እናት በልጅ ፊት አትነሳም ብለው ኖሯል። እኔም ሙታን ይረበሻሉ ብዬ ዝም እላቸዋለሁ። አንተ ከሁለቱ ዝምታ መሃል ተቀምጠህ ትሰፋለህ።

ልጠይቅህ ቀና ስል ጀናዛው ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሶ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ነበር። ጭንቅላትህ ቀድሞ ተሰወረ፣ ከዚያ እግርህ። ሮጬ ብደርስብህስ ማን ይመልስልኛል?

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ አክስቴ አስቀምጣ ነገረችኝ። ሰርቦ ያለችው አያቴ ታማ እናቴ ሳትነግርህ እኔን እማማ ብርቄ ዘንድ ትታ ሄደች አለችኝ። ከሊሙ ገበያ ስትመለስ ቤቱ ተዘግቶ ጠበቀህ። እሷ በአራተኛው ቀን ስትመጣ አንተ በሽማግሌ ፊት ተናድደህ ፈታሁሽ አልካት፣ ሦስት ጊዜ። አንደኛው ሽማግሌ አፍህን ሊይዙህ እጃቸውን ዘርግተው ነበር አሉ፤ አልደረሱም። ሦስት ጊዜ የተባለ ፍቺ አይመለስም። ሳምንት ሳይሞላ ተጸጸትክ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል።

«ታዲያ ሞታለች ማለት ለምን አስፈለገ?» አልኳት።

«በር በሩን እያየሽ እህል እምቢ አልሽ። በዚያ ላይ ከብርቄ ባል ቀብር አፈር ጨብጠሽ መጥተሽ ማንን ቀበሩ አልሽው። አንዴ ከአፉ አመለጠው። ምነው ስለው፣ የሄደ ሰው ይጠበቃል፤ የሞተ ሰው ይረሳል፤ ትረሳትና ትብላ አለኝ። አስተግፊሩላህ፣ እኔም ዝም አልኩ። ደግሞስ በላሽ።»

በላሁ፣ አባ። ልክ ነህ። በልቼ አደግሁ።

ስፌት ሲበላሽ ጨርቁን አትጣይው፣ ተርትሪና እንደገና ስፊው ትለኝ ነበር። እኔም ያንን ትዝታዬን ስተረትረው ነው የከረምኩት። ጃንጥላው እውነት ነው፤ ቄስ ይዘውታል። ቃጭሉ ዕጣን የሚያጥኑበት የጽና ነው። ያለቀሱት የእማማ ብርቄ ዘመዶች ናቸው። ነጠላው የእሷ ነው፣ ሽታው የሳጥኗ። አፈሩም እውነተኛ አፈር ነው፤ የአንድ ደግ አናጢ መቃብር አፈር። ውሃውም ቀዝቃዛ ነበር። አንድም የተፈጠረ ነገር አጣሁበት። ስሙ ብቻ ነው ውሸት። ያንን ስም በላዩ የሰፋኸው አንተ ነህ፣ ስፌትህ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ጠንካራ ነው። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ እንኳ እማማ ብርቄ ሳጥኗን ስትከፍት ዓይኔ እንባ ያቀርራል። አፍንጫዬ ገና አልሰማም።

ሙያህን በእኔ ላይ ማዋልህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሌላ ሰው ቢዋሸኝ ውሸቱ ብቻውን ይቀመጥና ይጠፋ ነበር። አንተ ግን ጎረቤት ሰጠኸው።

አርባህ ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን ሰርቦ ሄድኩ። እማማ ብርቄ «እኔ ነኝ ያፈረስኩት፣ እኔው አደርስሻለሁ» ብላ አብራኝ መጣች። አክስቴ አልከለከለችም፣ አልመረቀችም፤ በአጥር በኩል ለሁለታችን ዳቦ ብቻ አቀበለችን። ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ፈታሾቹ የተደበቀ ቡና ሲፈልጉ አንዱ የእማማ ብርቄን እቅፍ አየና «እማማ፣ እዚያ ጉያዎ ውስጥ ምንድን ነው ያበጠው?» አላት። «እርጅና ነው፤ ከፈለግህ ውረሰው!» አለችው። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ፈታሹም ሳቀ። እኔ በመስኮት የማየው መንገዱን ነበር። ይህን መንገድ በየገበያው ቀን የስፌት መኪናህን አውቶቡስ ላይ አስጭነህ ትሄድበት ነበር። እናቴ ወዳለችበት ሄደህ፣ ሰፍተህ፣ ማታ ከረሜላ ይዘህልኝ ትመጣለህ። ከጅማ ሰርቦ እኮ ሩቅ አይደለም፣ አባ። እሷን ግን ከምድር በታች አርቀህ አስቀመጥካት።

ቤቷ ከቡና ማስጫው በስተጀርባ ነው። በሩ ላይ ቆማ ቅቤ በኮባ ቅጠል ስትጠቀልል አገኘናት። ደጋግማ አየችን። እማማ ብርቄ ገና አፏን ስትከፍት ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ። «ኢንተላ ኮ» አለች፣ ልጄ። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው፣ ያልገባኝ መስሏት። አቀፈችኝ። እኔ ግን እንደ እንጨት ቆምኩ። አንድም ነገር አልመጣልኝም፤ ፊቷም፣ ድምፅዋም፣ የቅቤዋ ሽታም የማንም ነበሩ። የከፋው ደግሞ እማማ ብርቄ ከጎኔ ነበረች፣ በዓል መስሏት ከሳጥን ያወጣችውን ነጠላ ለብሳ። በእናቴ እቅፍ ውስጥ ሆኜ እናቴን ከጎረቤት ነጠላ አሸተትኳት።

ስንቀመጥ እናቴ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «አሁንም ትይዢዋለሽ?» አለችኝ። ምኑን ስላት ጆሮዬን አሳየችኝ። እጄ ጆሮዬ ጫፍ ላይ ነበር። ሳፍር እንዲያ አደርጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «የኔን ጆሮ ይዘሽ ነበር እንቅልፍ የሚወስድሽ» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጭንቅላቴን ስታታልል እጄን ረስተኸው ኖሯል።

ከዚያ ከአልጋ ሥር አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ አሥራ አንድ ክር ነበር። አንተ ለኢድ ቀሚስ ስትለካኝ ሁልጊዜ ሁለት ክር ትቆርጥ ነበር፤ ለምን ሁለት ስልህ አንዱ ቢጠፋ ብዬ ነው ትለኝ ነበር። እናቴ ክሮቹን አንድ በአንድ ከበሩ መቃን ጋር እያስጠጋች አሳየችኝ። «ይኸ የፊት ጥርስሽ የወለቀ ጊዜ ነው። ይኸ ኩፍኝ የያዘሽ። ይኸ ፊደል ጨርሰሽ የአባትሽን ስም በጠመኔ ግድግዳው ላይ የጻፍሽ።» ለእያንዳንዱ ክር ጎረቤት ሰጥተኸዋል። አራት ዓመት ብቻ ያሳደገችው ሴት ዕድሜዬን በሙሉ በቃሏ ታውቀዋለች።

አባ፣ ለእሷ እኔን በክር ሰጠሃት። ለእኔ ግን እሷን አፈር አለበስክብኝ።

ይህን ሁሉ እንኳ አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። የማልረሳው ቀጥሎ ያለችኝን ነው። «በገበያ ቀን ወደሚሰፋበት ልብስ የማሰፋ መስዬ እሄዳለሁ፤ ክሩን ይሰጠኛል፤ ብዙ አንነጋገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትጠይቀኛለች ወይ አልኩት። ረስታሻለች፣ ተያት፣ አታስጨንቂያት አለኝ። እኔም ተውኩሽ» አለችኝ። ተናድዳ አልነበረም የነገረችኝ። ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

ረስታሻለች? አንተ ነህ እንዲህ ያልከው? ቀሚሴን ስትለካ እናቴ ቁመቷ የት ይደርስ ነበር እያልኩ የምጠይቅህን ሰምተህ? የኢድ ለት ለእናቴም ዱዓ አድርግላት ስልህ እጅህን አንስተህ አሚን ብለህ? ለእኔ ሞታለች ስትል ልጅ ነበርኩ፤ ደንግጠሃል፣ አምልጦሃል ልበል። ለእሷ ግን ቁጭ ብለህ፣ ክር እየቆረጥክ ነው የዋሸሃት። ሁለታችንንም በአንድ መቀስ ቆረጥከን።

እናቴ ከአረፋ በኋላ መጥቼ እንድከርም ለምናኛለች። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ ትንሹ ይህን ደብተር ቀምቶኝ ሮጠ፤ እናቴ ናት ያስመለሰችልኝ። እሄዳለሁ። እንደ እናት እስክትሸተኝ ድረስ እየተመላለስኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አዲስ ትዝታ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስተማሪውም አልነገሩንም።

ትናንት ወደ አክስቴ ዞር ብዬ፣ «ሰው ምን እንደተበደለ ሳያውቅ አውፍ ካለ ይጸናል ወይ?» አልኳት። ሩዝ ስትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ። «አላህ ያውቃል» አለችኝ። ወደ ሩዙ ተመልሳ ደግሞ «እዚያ ባለበት ጭንቅ ይሆንበታል፣ ልጄ፤ ተይለት» አለች። ሩዙን ተቀብያት መልቀም ጀመርኩ። እዚህ ነው የምመልሰው።

አንተ ተናድደህ ያልከውን ቃል ልትመልስ ፈልገህ አልሆነልህም፤ በዚያ ምክንያት ሦስት ሰው አሥራ አንድ ዓመት ተቀጣ። እኔ አልተናደድኩም፤ ሃምሳ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። የሞትክ ዕለት ጮክ ብዬ የሰጠሁህን አውፍ ዛሬ በጽሑፍ እወስደዋለሁ። ያን ቀን የተናገረችው ልጅ ምን እንደምትተውልህ አታውቅም ነበር፤ ቃሏን አትቁጠርባት። ለሁልጊዜ አይደለም፣ አትፍራ። አንድ ቀን እያወቅሁ፣ ማንም ድምፅሽን አሰሚ ሳይለኝ እልሃለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አልነግርህም። እኔና እናቴ ስንጠባበቅ የምንኖርበትን ዘመን ወሰድክብን፤ አንተ ደግሞ ትንሽ እኔን ጠብቀኝ።

የሞተ ሰው ይረሳል ብለህ ነበር። ተሳስተሃል። ሰው አውፍ ያላለውን ሰው በየቀኑ ነው የሚያስበው። እስከዚያ ድረስ እንዲሁ አስብሃለሁ። አውፍ የምልህ ቀን ቢመጣም እኔ ነገር ቶሎ የሚተወኝ ልጅ አይደለሁም፤ በማግስቱም ማሰቤ አይቀርም።

ልጅህ ሐያት